ኦሳካ ላይ ክለብ ገብቶ ማደር፦ የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ እስከ ንጋት ምን ይደረጋል?

የኮቤዋ ሰልጣኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለስድስት ሳምንት የካይዘን ስልጠና መጥቼ ኮቤ ነው ያለሁት፤ ከአዲስ አበባ ከተነሳሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አብረውኝ የሚሰለጥኑ የጋና፣ የኬንያና የፊሊፒንስ ልጆች በሚመጣው ቅዳሜ ኦሳካ ሄደን ክለብ ገብተን እናድራለን ብለው ወስነዋል። የነቢያት ጾም ሳይገባ ስለሆነ እኔም እሺ ብያለሁ። መጨፈር እወዳለሁ። ሠርግ ቤት ከወንበሬ እስኪያስነሱኝ ጠብቄ አላውቅም።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባቡር የለም ይሉኛል። አዲስ አበባ ቢሆን ስልኬን አውጥቼ ራይድ እጠራና ቤቴ እገባለሁ፤ እዚህ ግን ከኦሳካ ኮቤ በታክሲ መሄድ የማይታሰብ ነው አሉኝ። ታዲያ አንዴ ከገባን እስከ ንጋት መውጫ የለንም ማለት ነው? ቢደክመኝስ? መጠጥ አልጠጣም፤ ለስላሳ ይዤ ብቆም ያስነውራል ወይ? ደግሞ እንደ እኛ ያለ ሰው ሲገባ እንዴት ነው የሚያዩት? ባቡር ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ሰው ቆሞ ሲሄድ ሁለት ሦስቴ ስላየሁ ልቤ ትንሽ ፈርቷል።

ጃፓን የኖራችሁ፣ በተለይ ኦሳካን የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። እናቴ ደውላ ቅዳሜ ማታ የት እንደምሆን መጠየቋ አይቀርም። ነገሩን አውቄው ብሄድ ለእሷም እውነቱን ለመናገር አይከብደኝም።

ሚዶሱጂ፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። ኦሳካ ስኖር ሰባተኛ ዓመቴን አልፌያለሁ። በስኮላርሺፕ መጣሁ፣ ማስተርሴን ጨረስኩ፣ አሁን እዚሁ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ የመጀመሪያዋ ሌሊቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝና ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እናስተካክል። ክለቦቹ በሚለጥፉት ማስታወቂያ ላይ "ከ23:00 እስከ 29:00" የሚል ታያለሽ። እኔ ያኔ የኅትመት ስህተት መስሎኝ ነበር። ስህተት አይደለም። ጃፓኖች የሌሊት ፕሮግራም ሲጽፉ ሳይነጋ አዲስ ቀን አይጀምሩም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 25፣ 26፣ 27 እያሉ ይቀጥላሉ። ይህን ለመረዳት እንደ እኛ ሰው የሚቀርበው የለም፣ እኛም ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ነውና። 18 ቀንሺለት፣ በቃ። 23 ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆንልሻል፣ 26 ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 29 ደግሞ ንጋት 11። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በእኛ ሰዓት ነው።

ሌሊቱን የሚገዛው ባቡሩ ነው። የመጨረሻውን ባቡር ሹደን፣ የንጋቱን የመጀመሪያ ባቡር ሺሃጹ ይሉታል፤ እነዚህን ሁለት ቃላት ያዢ። ከኦሳካ መሃል ወደ ኮቤ የሚሄዱት ባቡሮች ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም ያበቁና 11 ሰዓት አካባቢ እንደገና ይነሳሉ። በመሃል ያሉት አምስት ሰዓታት በሩ የተዘጋ ነው። ታክሲ አለ፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 11 ግን ዋጋው ላይ 20 በመቶ ይጨመራል፣ ኮቤ ድረስም ከ10,000 የን በላይ ያስከፍላል። ለአንድ ሰው ከባድ ነው፣ ለአራት ስትካፈሉት ግን ከባድ አይደለም። ስለዚህ መውጫ አለሽ። አንዳችሁ ብትታመሙ ምን እንደምታደርጉ ከወዲሁ ተነጋገሩ፣ ያንን ገንዘብም ለየት አድርጋችሁ ያዙ።

የእኔ ሌሊት እንዲህ ነበረች። በፈረንጆቹ 2018፣ ኅዳር ውስጥ፣ ዓርብ ማታ። የላቦራቶሪያችን ልጅ የሰጠኝን የማስታወቂያ ወረቀት ይዤ ብቻዬን አሜሪካሙራ የሚባል የኦሳካ ሰፈር ሄድኩ። "የአሜሪካ መንደር" ማለት ነው፤ በ1970ዎቹ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰልባጅና ዕቃ የሚሸጡ ልጆች መጋዘኖቹ ውስጥ ሱቅ ሲከፍቱ ነው ስሙ የወጣለት። የመንገድ መብራቶቹ እጅና እግር ያላቸው፣ በሰው ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። መሃሉ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን መናፈሻ አለ፣ ወጣቱ ደረጃው ላይ ተኮልኩሎ ያወራል።

ስደርስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። በሩ ላይ የነዋሪነት ካርዴን አዩ፣ 2,500 የን ከፈልኩ፣ አንድ መጠጥ የሚያሰጥ ትኬት ተቀብዬ ምድር ቤት ወረድኩ። ውስጥ ያለው ሰው ዲጄውንና ባሩ ላይ የቆመችውን ልጅ ጨምሮ ሰባት ነበር። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። የጃፓን ክለብ እንግዲህ ይሄ ነው ብዬ ወጣሁ። ሺንሳይባሺ ጣቢያ ስደርስ ሠራተኛው የብረት መዝጊያውን እያወረደ ነው። ሮጥኩ። ቀና ብሎ አየኝና ሁለት ክንዶቹን ደረቱ ላይ በX ቅርጽ አጣምሮ አንገቱን ዝቅ አደረገ። አልቋል፣ ይቅርታ ማለቱ ነው። ተመልሼ ክለቡ በር ላይ ስቆም ደግሞ አንዴ የወጣ አይገባም አሉኝ። ሌላ 2,500 የን ከፈልኩ። ለተማሪ ያ ገንዘብ የሦስት ቀን ምግብ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል፣ ስገባ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ምን ነበረበት እላለሁ። አንቺ ከመክፈልሽ በፊት ወጥቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንዱ ቤት በልዩ ሐምራዊ መብራት ሥር ብቻ የሚታይ ማኅተም እጅሽ ላይ ያትምልሻል፣ አንዳንዱ ፈጽሞ አይፈቅድም።

ሁለተኛ ስገባ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ለካ ለጭፈራ የሚመጣውም ሰው በዚያው በሹደን ነው የሚመጣው። ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል። ሎከሮቹ ጋ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣት አጠገቤ ቆመ፣ ከቢሮ በቀጥታ የመጣ። ክራቫቱን ፈታና በጥንቃቄ ጠቅልሎ ቀኝ ጫማው ውስጥ ከተተው። ኮቱን በሁለት አጥፎ ቦርሳው ላይ አስተኛው። ስኒከሩን አደረገ። ከዚያ ሦስት ባለ 100 የን ሳንቲሞች አንድ በአንድ ከተተ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ማንጠልጠያውን እጁ ላይ አሰረው። ለቀዶ ሕክምና እንደሚዘጋጅ ሐኪም ረጋ ብሎ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። እኔ ጃኬቴን ታቅፌ እንደቆምኩ ነበር።

እኛ ሀገር ጭፈራ ፊት ለፊት ነው። ትከሻ ለትከሻ ትገጥሚያለሽ፣ አንዱ ሲወርድ ሌላው አብሮ ይወርዳል፣ የቀረው ዙሪያውን ከቦ ያጨበጭባል። እዚያ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ዲጄው አዙሯል። እያንዳንዱ የራሱን አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ይዟል፣ የሌላውን አይነካም። አንዱ ሳይፈልግ ክርኑ ቢነካሽ ጭፈራውን አቁሞ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቅሻል። የመጀመሪያውን ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ አሳለፍኩ። ቅዝቃዜ መሰለኝ። ቅዝቃዜ እንዳልሆነ የገባኝ በአንድ ሰው ነው።

ከፊት በግራ በኩል፣ ከድምፅ ማጉያው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ይጨፍራል። ጸጉሩ ገብስማ ሆኗል። አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ፣ እግሩ ሥር የውሃ ጠርሙስ። ዓይኑን ጨፍኗል። ጉልበቱና ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን አንድም ምት አያመልጠውም። ሲያርፍ እኔን አየኝ፣ ወደ ጆሮው ጠቆመ፣ ከኪሱ ያልተከፈተ የጆሮ መድፈኛ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባሩ አጠገብ ተቀምጠን በስልኩ አስተርጓሚ እያስጻፈ አወራኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሰፈር ክለቦቹ ግድግዳ ላይ "መጨፈር ክልክል ነው" የሚል ይለጠፍ ነበር አለኝ። ሙዚቃው ይጫወታል፣ መጠጡ ይሸጣል፣ ሰውነትህ መወዛወዝ ከጀመረ ግን ሠራተኛው መጥቶ ትከሻህን መታ መታ ያደርግሃል። ይህን ሲነግረኝ የራሱን ትከሻ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገ።

ቤቴ ገብቼ ሳነብ እውነቱን ነው። ጃፓን በ1948 ያወጣችው የመዝናኛ ቤቶች ሕግ ማስጨፈርን ልዩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ አድርጎት ነበር፤ ፈቃድ ያለው ቤት ራሱ ከእኩለ ሌሊት፣ በአንዳንድ ሰፈር ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ማስጨፈር አይችልም። ለብዙ ዓመት ፖሊስ አይቶ እንዳላየ ያልፍ ነበር። በ2010 እዚሁ አሜሪካሙራ ክለብ ውስጥ በተነሳ ጸብ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሞተ፣ ከዚያ ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ ብዙ ቤቶች ተዘጉ። በኤፕሪል 2012 እዚሁ ኦሳካ፣ ናካዛኪቾ ሰፈር በባቡር ሐዲድ ሥር ያለው ኑን የተባለ ክለብ ተፈተሸና ባለቤቱ ያለ ፈቃድ ሰው አስጨፍረሃል ተብሎ ታሰረ። ሰውየው ግን ክርክሩን ገፋበት። በ2014 የኦሳካ ፍርድ ቤት ነጻ አለው፣ በ2015 ይግባኝ ሰሚው አጸናው፣ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን በዚያው ቋጨው። በጎን ደግሞ ሙዚቀኞች፣ ጠበቆችና ተራው ሰው ሆነው ከ150,000 በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ሕጉ በ2015 ተሻሽሎ ከጁን 23 ቀን 2016 ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ማስጨፈር በፈቃድ ተፈቀደ። ስትገቢ ቤቱ ከጠበቅሽው ይልቅ ብርሃን ያለው ከመሰለሽ ከዚህ የመጣ ነው፤ አዲሱ ሕግ ከ10 ሉክስ በላይ ብርሃን ይኑር ይላል። ሲኒማ ቤት ፊልሙ ሊጀምር ሲል ያለውን ብርሃን አስቢ።

ያን ባለ ነጭ ፎጣ ሰው ያገኘሁት ሕጉ ከተለወጠ ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚጨፍረው ለምን እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ። ወደ መሃል ስመለስ ትከሻዬን ለቀቅኩት። ሙዚቃው ቴክኖ ነው፣ ከእኛ ምት ጋር አይገናኝም፤ ግን ግማሹን ምት ብቻ ስትይዢ እስክስታ ይገባበታል፣ ሞክሪው። ማንም ዞሮ አላፈጠጠብኝም። ሰውየው ብቻ በጎን አየኝ፣ የራሱን ትከሻ አንድ ሁለቴ ሞከረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ተመልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ስለ ባዶው ወንበር የጻፍሽውን አውቀዋለሁ። እኔም ላይ ደርሷል፣ ዛሬም አልፎ አልፎ ይደርሳል፣ ያማል። ጭፈራ ቤት ውስጥ ግን እንደዚያ ሆኖ አላገኘሁትም። ጸጉርሽን ልንካ፣ ፎቶ አብረን እንነሳ የሚልሽ ሊኖር ይችላል። ካልፈለግሽ ያ የጣቢያ ሠራተኛ እንዳደረገው ክንድሽን አጣምሪ፤ እዚህ ሀገር ያ ምልክት ይከበራል።

መጠጥ አለመጠጣትሽ ምንም አያስነውርም። ትኬትሽን ሰጥተሽ "ኡሮንቻ" በይ፤ የቻይና ሻይ ነው፣ ቀዝቃዛ፣ ስኳር የለውም፣ ግማሹ ሰው እሱን ይዞ ነው የምታዪው። "ኡሮንሃይ" ካልሽ ግን አልኮል የገባበት ነው የሚሰጡሽ፣ ቃሉን ጠንቅቀሽ ያዢ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሁሉም ሰው የሚዘጋጀው ለእኩለ ሌሊት ነው። አንቺ ለ9 ሰዓት ተዘጋጂ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እግርሽ ይዝላል፣ ላቡ ይቀዘቅዝብሻል፣ ሺሃጹ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ሰው የሚጣላው፣ ስልኩን የሚጥለው፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚሄደውም በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሳትወጡ በፊት የ9 ሰዓቱን ቦታ ምረጡ። ካራኦኬ ቤት እስከ ንጋት ክፍል ያከራያል፣ ሶፋው ላይ ጋደም ማለት ይቻላል። የማንጋ ካፌ የሚባሉት፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ የሚነበብባቸው ቤቶች፣ ትንንሽ ክፍልና ብርድ ልብስ አላቸው። ካፕሱል ሆቴልም አለ፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስተኛ ሳጥን መሰል መኝታ የሚያከራይ፤ በዓለም የመጀመሪያው እዚሁ ኦሳካ ኡመዳ ውስጥ በ1979 ነው የተከፈተው። ሴቶችን የሚቀበል መሆኑን ብቻ አስቀድመሽ እይ፣ ለወንድ ብቻ የሆኑ አሉ።

11 ሰዓት ሊሆን ሲል ጣቢያው ደረጃ ላይ ብትመጪ ደስ የሚል ነገር ታያለሽ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨፍር ያደረው ሕዝብ በሁለት ረድፍ ተሰልፎ ቆሟል። አንዷ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፣ ግን ሰልፏን አልለቀቀችም። መዝጊያው እየተንኳኳ ይነሳል፣ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ እንደምን አደራችሁ ይላል። ያን ቀን ሺንሳይባሺ ጣቢያ ስወርድ ጣሪያው እንደ ቅስት ከፍ ብሎ፣ መብራቶቹ ተደርድረው፣ ከባቡር ጣቢያ ይልቅ አዳራሽ መሰለኝ። ሚዶሱጂ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር በ1933 ሲከፈት ከዚህ ጣቢያ እስከ ኡመዳ ብቻ ነበር የሚሄደው፤ አንቺም ወደ ኮቤ ስትመለሺ የምትሄጂው በዚያው ነው፣ ሦስተኛው ጣቢያ ኡመዳ ነው። የክራቫቱ ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተኝቷል። ክራቫቱ አንገቱ ላይ ተመልሶ ታስሯል።

ካጹሺካ፦

ሚዶሱጂ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ እኔ በሴት በኩል ያለውን ልጨምር። ቶኪዮ ዮጹጊ ነው የምኖረው፤ የእኛ ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ጓደኞች ይዘሽ ቶኪዮ ከመጣሽ ብቅ በይ፣ ቡና አይጠፋም።

እህቴ፣ መንገድ ላይ ከሚጠራሽ ሰው ጋር የትም እንዳትገቢ። በጨዋነት፣ በፈገግታ፣ አንዳንዴም "እህቴ፣ አፍሪካዊ ነኝ" እያለ ነው የሚቀርብሽ። እኔና ጓደኛዬ በ2019 ካቡኪቾ በሚባለው የቶኪዮ የምሽት መዝናኛ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሰዓት 3,000 የን ብቻ ብሎ ወደ አንድ ባር ወሰደን። አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት የለውም። ሁለት ብርጭቆ ለስላሳ ጠጣን። ሒሳቡ ሲመጣ 48,000 የን ይላል። የወንበር፣ የአገልግሎት፣ የበረዶ ብለው ዘርዝረውታል። ጓደኛዬ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ "ኮባን እንሂድ" አልኩ፣ ኮባን የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ነው። ደጋግሜ እሱኑ ብቻ አልኩ። 12,000 ላይ ወረዱና ከፍለን ወጣን። ያም ቢሆን ግፍ ነው። እዚያ ሰፈር እኮ መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ሰው የሚጠሩትን አትከተሉ እያሉ ሲያስጠነቅቁ ይውላሉ፣ እኛ ቋንቋውን ሳንሰማ ከሥሩ አለፍን። አንቺ ኦሳካ ዶቶንቦሪ አካባቢ ተመሳሳይ ሰዎች ያጋጥሙሻል፣ ሳትቆሚ እለፊ።

ብርጭቆሽን ከእጅሽ አትለይው። ሽንት ቤት ስትሄጂ ለጓደኛሽ ስጪ ወይም ድፊው፣ ለስላሳም ቢሆን። መጠጥ ውስጥ የሚያደነዝዝ ነገር የሚጨምሩ አሉ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ሳይቀር ስለ ካቡኪቾና ሮፖንጊ ስለሚባለው ሌላው የቶኪዮ የምሽት ሰፈር ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 119 ነው።

ሌላው፣ ፓስፖርትሽን ራሱን ያዢ። ለስድስት ሳምንት የመጣ ሰው የነዋሪነት ካርድ ስለማይሰጠው በሕግ ፓስፖርቱን ይዞ መዞር አለበት፤ በር ላይም ከ20 ዓመት በላይ መሆንሽን የሚያዩት በእሱ ነው፣ በስልክ ያነሳሽውን ፎቶ አይቀበሉም። ልብስሽ ውስጥ ዚፕ ባለው ኪስ አድርጊው እንጂ ሎከር ውስጥ አትተዪው። እኔ ከውስጥ የምታሰር ትንሽ ቦርሳ አለችኝ፣ መርካቶ የተገዛች፣ ዛሬም ያቺው ናት።

ካሞ ወንዝ፦

ኪዮቶ ተማሪ ነኝ። አንድ አማራጭ ልስጥሽ፣ ሕዝቡ ከበዛብሽ። እዚህ ሜትሮ የሚባል ትንሽ ክለብ አለ፤ ከ1990 ጀምሮ ያለ ነው፣ በሩ የጂንጉ ማሩታማቺ ባቡር ጣቢያ መውጫ ደረጃ ላይ ነው። አንድ ቀን ሬጌ፣ ሌላ ቀን ቴክኖ፣ ሌላ ቀን ባንድ ይኖራል። የሚመጣው ሰው ሙዚቃ ለመስማት ነው የሚመጣው፣ ብቻሽን ብትቆሚም ማንም አያስቸግርሽም።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፣ ተማሪ የሆናችሁ በተለይ፦ ጠጥታችሁ በብስክሌት ወደ ቤት እንዳትመለሱ። ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ቅጣቱ ከብዷል፣ ትንሽ የጠጣውም ሳይቀር ይቀጣል። ክለብ ወይም መጠጥ ቤት ሥራ ልስጥህ የሚላችሁ ሰው ካለ ደግሞ የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በዚያ በመዝናኛ ሕጉ ሥር ባሉ ቤቶች ዕቃ አጣቢም ሆኖ መሥራት አይችልም። ለአንድ ሌሊት ክፍያ ቪዛችሁን አታስበሉ።

የኮቤዋ ሰልጣኝ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለልጆቹ በእንግሊዝኛ እያስተረጎምኩ አነበብኩላቸው፣ 18 የመቀነሱን ነገር ጋናዊው ወረቀት ላይ ጻፈው። የ9 ሰዓቱን ቦታ መርጠናል፣ ኡመዳ ካራኦኬ ቤት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ በዚያ ሌሊት ሲርበኝ ምን እበላለሁ? እዚህ ሁሉም ነገር ውስጥ አሳማ ወይም ስሙን የማላውቀው የባሕር እንስሳ ያለ ይመስለኛል።

ሚዶሱጂ፦

ልክ ነሽ፣ መጠንቀቁ ይሻላል። ዶቶንቦሪ ላይ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ በየመጥበሻው የሚገለበጠው ታኮያኪ ውስጡ ኦክቶፐስ ነው። ሌሊት ሰልፍ የሚታይባቸው የራመን ቤቶች መረቅ በአብዛኛው የአሳማ አጥንት የተቀቀለበት ነው። ጊዩዶን የሚባለው ግን ሩዝ ላይ የተደረገ የበሬ ሥጋና ሽንኩርት ነው፣ 24 ሰዓት የሚሸጡ ቤቶች በየመንገዱ አሉ፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ሥጋው በስሱ የተቆረጠ ነው፣ ጣፋጭ ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሚጥሚጣ መሰል ቅመም ነስነስ ስታደርጊበት ይስተካከላል። መረቁ ውስጥ የዓሣ ቅምሻ ይኖራል፣ ያ የማያስቸግርሽ ከሆነ።

ከዚያ ውጪ ኮንቢኒ ግቢ፣ ሌሊትም የማይዘጋ ትንሽ ሱቅ ነው። በባሕር ቅጠል የተጠቀለለው የሩዝ ኳስ ውስጥ ኡመቦሺ ያለበትን ፈልጊ፣ ኮምጣጣና ጨዋማ ፍሬ ነው፤ ከጀርባው የተጻፈውን በስልክሽ አስተርጉሚና አረጋግጪ። ውጪ ባለው የመጠጥ ማሽን ላይ ከሥሩ ቀይ ምልክት ያለበት ትኩስ ነው። ትኩስ ሻይ በጣሳ ይወድቅልሻል፣ መጀመሪያ ለእጅሽ ማሞቂያ አድርጊው።

ባለ 100 የን ሳንቲም ከአሁኑ ሰብስቢ። ብዙዎቹ የክለብ ሎከሮች የወረቀት ገንዘብ አይቀበሉም።

የኮቤዋ ሰልጣኝ፦

ሳንቲሞቹን ካልሲ ውስጥ አጠራቅሜያለሁ፣ አሥራ አንድ ደርሰዋል።

ለእናቴም ዛሬ ነገርኳት። ዝም አለች መጀመሪያ። ከዚያ ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው ብላ ጠየቀችኝ። ንጋት 11 ሰዓት አልኳት። በጣቷ ስትቆጥር ይሰማኛል፣ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ። "እኛ ጋ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፣ አልተኛም፤ ስትሳፈሪ ደውዪልኝ" አለችኝ።